ይሄም ጨዋታ ሆነና!

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ቪዲዮ ጌም ነው። "አገር ስንት ጉዳይ እያለበት እናንተ ስለ ጌም?" የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግዴለም፣ ትንሽ ታገሱን። ወሬው ጃፓንና አሜሪካ ደርሶ ይመለስ እንጂ የሚጀምረው ኩታበር ላይ ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው።

ለማታውቋት፣ ኩታበር ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ከአምባሰል፣ ከተንታ፣ ከተሁለደሬና ከደሴ ዙሪያ ጋር የምትዋሰን የደቡብ ወሎ ደጋ ናት። ጊዜው የ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ጦርነቱ አካባቢውን ከረገጠ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ። ከመካከላችን የአንዷ ቤተሰቦች እዚያ ስለሆኑ "ዘንድሮ ገናን ኩታበር" ተባባልንና ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍረን ወጣን። ሻንጣችን ውስጥ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ "እኛ ቤት አቧራ ለብሶ ከሚቀመጥ" ብሎ የሰጠን አንድ ነጭ ዕቃ አለ። ኒንቴንዶ ዊ ይባላል። አብራው ያለችው ጌም አንዲት ብቻ ናት፦ ዊ ስፖርትስ።

ዕቃው የአሜሪካ ስለሆነ የኛን 220 ቮልት አይችልም፤ ለዚያ ኮንቨርተር ይዘናል። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ የሚቀመጠውን ቀጭን ዘንግ ግን አዲስ አበባ ረስተነው መጥተናል። ደግነቱ ዘንጉ ብልሃት የለውም። ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ መብራቶች አሉ፤ ያንን ብርሃን የሚያየው እጃችን ላይ ያለው ሪሞት ነው። እንግዲህ የሻማ ነበልባልም እንዲህ ያለ ብርሃን ያወጣል ሲባል ሰምተናል። ሁለት ሻማ ለኮስንና ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አቆምን። ሠራ! የጎረቤት ልጆች ገቡ፣ እናቶቻቸውም ተከትለው ገቡ፣ በዓሉ የእነሱ ያልሆነ ሙስሊም ጎረቤቶችም እንደ ወሎ ወግ አብረውን ነበሩ። ቦውሊንግ ምን እንደሆነ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሪሞቱን እየተቀባበለ ክንዱን ይወረውር ጀመር።

የቤቱ አዛውንት፣ እኛ ሁላችንም "አባባ" የምንላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦

"ይሄም ጨዋታ ሆነና! ኳስ የለ፣ ሜዳ የለ። አየር ነው እኮ የምትመቱት፣ ልጆቼ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን፤ "አባባ አልገባቸውም" ብለንም አለፍነው። አዲስ አበባ ተመልሰን ስለዚች ጌም የተጻፈውን ስናገላብጥ ግን፣ የዓለም ስመ ጥር ሐያሲዎች አባባ ያሉትን ነገር ረዘም አድርገው ጽፈውት አገኘን።

ነጩ ዕቃና ተቺዎቹ

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተቋቋመ፣ መጀመሪያ ሃናፉዳ የሚባል የጃፓን ካርታ የሚያትም ድርጅት ነበር። ይቺን የካርታ ነገር ያዙልን፣ ኋላ ትመጣለች። መቶ ዓመት አልፎ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ድርጅቱ ችግር ላይ ነበር። ሶኒና ማይክሮሶፍት ገበያውን ይዘውታል፤ ፉክክሩም ማን የተሻለ ምስል ያሳያል በሚለው ሆኗል። ሶኒ በኅዳር 2006 አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ዋጋው እንደ ዓይነቱ 499 እና 599 ዶላር ነበር።

ያኔ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ (በ2015 አርፈዋል) እና የጌም ሠሪው ሺጌሩ ሚያሞቶ ሌላ መንገድ መረጡ። ጌም የማይጫወተውን ሰው፣ እናትን፣ አያትን፣ ማስገባት። ለዚህም የተለመደውን ጆይስቲክ በብዙ ቁልፎቹ ትተው የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስል ነገር ሠሩ። ውስጡ የእንቅስቃሴን ፍጥነት ለውጥ የሚለካ ጥቃቅን ዕቃ አለው። እጅህን ስትወረውር እሱ ያንን ይለካል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬም ይወረውራል። መቆጣጠሪያው በመስከረም 2005 ቶኪዮ ላይ ሲታይ ግራ የተጋባው ብዙ ነው። በሚያዝያ 2006 "ዊ" የሚለው ስም ሲወጣማ መሳለቂያ ሆነ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሕጻናት ሽንትን ከሚጠሩበት ጋር ይመሳሰላልና።

ዕቃው በኅዳር 19 ቀን 2006 አሜሪካ ውስጥ በ250 ዶላር ገደማ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ዊ ስፖርትስ አብራ በነጻ ነበረች። ይቺ "በነጻ" የምትለው ቃል ራሷ ታሪክ አላት። የኒንቴንዶ አሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ሬጂ ፊስ-ኤሜ በ2022 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ጌሟ ከዕቃው ጋር በነጻ ትሰጥ ብለው ሲወተውቱ ሚያሞቶ ፈጽሞ አልወደዱትም። ሰው የለፋበት ሥራ እንዴት መራቂ ይሆናል? በመጨረሻ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በነጻ ሆነች፤ ጃፓን ውስጥ ግን ለብቻዋ ተሸጠች።

አምስት ስፖርት አላት፦ ሜዳ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ። ሐያሲዎቹ ተቀበሏት፣ ገለበጧት፣ ጻፉ። አይጂኤን ከአስር 7.5 ሰጣት። ጌምስፖት 7.8። የልዩ ልዩ ሐያሲዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ከመቶ 76 አስመዘገበላት። በኛ ትምህርት ቤት ቋንቋ "አልፋለች፣ ግን ደረጃ አልወጣችም" እንደማለት።

ምን ጎደላት? ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቴኒስ ላይ ሰውዬው ራሱ ነው የሚሮጠው፣ ያንተ ድርሻ መምታት ብቻ። ቤዝቦሏ ሦስት ዙር ብቻ ናት፤ ሜዳ ላይ ኳስ የሚለቅሙትም ያለ አንተ ይለቅማሉ። ጎልፏ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ። ቦክሷ ስትሰነዝር አንዴ ትሰማለች አንዴ አትሰማም። ሰዎቹ ክብ ራስ እንጂ ክንድ እንኳ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ናቸው። ምስሉ ያለፈ ዘመን ነው። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር አታጫውትም። ደግሞ ቶሎ ታልቃለች። ብዙ ሐያሲዎች አስደሳችነቷን ሳይክዱ፣ በነጻ ባትሰጥ ኖሮ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛት አይኖርም ወደሚል ፍርድ አዘነበሉ። ራሳቸውን የጌም አዋቂ አድርገው የሚያዩትማ "ይቺ ጌም ሳትሆን የዕቃው ማሳያ ናት" አሉ። እስቲ ከአባባ ፍርድ ጋር አስተያዩት። ኳስ የለ፣ ሜዳ የለ!

ሁሉም ግን አልናቃትም። በጥቅምት 2007 የብሪታንያው ባፍታ የቪዲዮ ጌም ሽልማት ላይ ስድስት ሽልማት ወስዳ ወጣች፤ ከእነዚህም ውስጥ የፈጠራና የብዙ ተጫዋቾች ዘርፍ ይገኙበታል። አንዲት ጌም በአንድ ዓመት ውስጥ "ማሳያ" ተብላ የተናቀችም፣ ስድስት ሽልማት የጠራረገችም መሆኗ እኛን ገርሞናል። አንደኛው ወገን የሚያየው ነገር ለሌላኛው አይታየውም ማለት ነው።

ሐኪሞችም ተናገሩ

ከጋዜጠኞቹ ቀጥሎ ተራው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ሆነ። ይህኛው ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ዕቃው ወጥቶ ሳምንታት ሳይሞላው፣ ሰዎች ሪሞቱን ሲወረውሩ ከእጃቸው እያመለጠ መስኮትና ቴሌቪዥን ይሰብር ጀመር። ሪሞቱን ከእጅ አንጓ ጋር የምታያይዘው ገመድ ቀጭን ናትና ትበጠሳለች። ኒንቴንዶ በታኅሣሥ 2006 ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ገመዶችን በወፍራም እንደሚቀይር አስታወቀ። በ2007 አጋማሽ አንድ ስፔናዊ ሐኪም ለታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ፦ የ29 ዓመት ታማሚ ትከሻው ታሞ ተነሳ፤ ምክንያቱ ሲጣራ ብዙ ሰዓት ቴኒስ ተጫውቷል፣ ሳሎን ውስጥ። ሐኪሙ ለሕመሙ ከዕቃው ስም የተወሰደ ስም አወጣለት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ጥያቄውን በቁጥር መለሱት። ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 11 ልጆች አንዴ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጌም፣ አንዴ ደግሞ የዊ ቦውሊንግ፣ ቴኒስና ቦክስ አጫወቷቸውና የሚያቃጥሉትን ኃይል ለኩ። ውጤቱ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ቆመው ሲጫወቱ ቢያንስ 51 በመቶ የበለጠ ኃይል ያወጣሉ፤ ነገር ግን እውነተኛውን ስፖርት አይተካም፣ ለልጅ ከሚመከረው የቀን እንቅስቃሴ ውስጥም የሚቆጠር አይደለም። አባባ ይህን ቢሰሙ "ታዲያ እኔ ምን አልኩ?" ይሉ ነበር።

ጌሟ ግን ማንም ያላሰበው ቦታ ገባች። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያዎች የቦውሊንግ ውድድር ያካሂዱባት ጀመር። ሆስፒታሎች በስትሮክ ክንዳቸው የደከመ ታማሚዎችን ያለማምዱባት ጀመር። ካናዳ ውስጥ በዶክተር ጉስታቮ ሳፖስኒክ የሚመራ ቡድን በ2010 በጥቂት ታማሚዎች ላይ ሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳተመ። ስለዚህ ትልቁን ሙከራ አደረጉ፦ 141 ታማሚዎች፣ ከፊሎቹ በዊ፣ ከፊሎቹ ደግሞ እንደ ካርታና ቢንጎ ባሉ ተራ ጨዋታዎች እንዲለማመዱ። ውጤቱ በ2016 ላንሴት ኒውሮሎጂ ላይ ወጣ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ዊ ከካርታው የሚበልጥ ነገር አልተገኘበትም።

ካርታ! ኒንቴንዶ በ1889 የጀመረበት ካርታ። ያን ሁሉ ቴክኖሎጂ አልፈን ሄደን ሄደን፣ ሰው ከሰው ጋር ሆኖ እጁን እያንቀሳቀሰ የሚጫወተው ነገር ካገኘ ክንዱ ይበረታል የሚል መልስ ላይ ደረስን።

እንግዲህ ማን ተሳሳተ?

ለመሆኑ ሐያሲዎቹ ተሳስተው ነበር? ቶሎ "አዎ" ማለት ያምረን ነበር። ዊ ስፖርትስ ወደ 82.9 ሚሊዮን ቅጂ ተሰራጭታለች፤ በ2009 የቀድሞውን የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ክብረ ወሰን አልፋለች። በ2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር የሚገኘው የጨዋታ ሙዚየም ወደ ዓለም አቀፍ የቪዲዮ ጌም የክብር መዝገብ አስገብቷታል። 76 ነጥብ ላመጣች ጌም ይህ ትንሽ አይደለም።

ግን እንታረም። ቁጥሩ ብዙ የሆነው በነጻ ስለተሰጠች ነው፤ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይወደዋል ማለት አይደለም። ቶሎ ትሰለቻለች ያሉትም እውነት አላቸው። የኛዋ ራሷ ኩታበር የደረሰችው የአሜሪካ ሳሎን ውስጥ አቧራ ለብሳ ስለነበር አይደል? እንቅስቃሴውን በትክክል አትይዝም የሚለውን ትችት ደግሞ ኒንቴንዶ ራሱ ሰምቶታል፦ በ2009 ዊ ስፖርትስ ሪዞርትን ሲያወጣ ትክክለኛነትን የሚጨምር ተቀጥላ ዕቃ ለሪሞቱ አበጅቷል። ማይክሮሶፍት በ2010 ሪሞት እንኳ የማይጠይቀውን ኪኔክት አወጣና በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ሸጠ፤ በ2017 ግን ማምረቱን አቆመ። የዊ ተከታይ የሆነው ዊ ዩም ሳይሳካለት ቀረ። "ይህ ወረት ነው" ያሉ ሰዎች ባዶ አልተናገሩም።

የሳቱት ነገር ሌላ ቦታ ላይ ይመስለናል። የመዘኑት ዲስኩን ነው። ስንት ስፖርት አለው፣ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ምስሉ እንዴት ነው። ጌሟ ግን ግማሽ አካሏ ዲስኩ ላይ የለም። ሳሎኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ሪሞቱን የሚቀባበሉት ሰዎች፣ ስቶ ወደ ኋላ የወረወረው አጎት፣ ከዳር ቆሞ የሚተርበው። ለብቻ ተቀምጦ፣ የማስረከቢያ ሰዓት እያሳደደው የሚገመግም ሰው ይህን ግማሽ እንዴት ያየዋል?

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያግዘን ነገር አለ። እኛ ኳስንም፣ ገበጣንም፣ ወሬንም "ጨዋታ" እንላለን። "ቡና ላይ ጨዋታ ያዝን" ስንል ካርታ ዘረጋን ማለታችን አይደለም። "ጨዋታ አዋቂ ነው" የምንለው ሰው ግብ አግቢ ሳይሆን አፈ ቀላጤ፣ ቤት የሚያሞቅ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል የሚያወጣለትን እኛ በአንድ ቃል ይዘነዋል። በዚህ ሚዛን ቢሆን ዊ ስፖርትስ የምትጠየቀው "ስንት ስፖርት አለሽ?" ተብላ አይደለም። "ሰው ሰብስበሽ አጫወትሽ ወይ?" ተብላ ነው። ያን ዕለት ኩታበር ላይ አጫውታለች።

የኛስ ሐያሲዎች?

አሁን ወደራሳችን እንዙር። እኛ አገር ስለ ጨዋታ የሚጽፍ ሐያሲ አለ ወይ? የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ቆይተን ወጥተናል፤ ስለ ፊልም ሂስ፣ ስለ መጽሐፍ ሂስ ሰምተናል። ስለ ጨዋታ ሂስ የነገረን የለም። በኛ ዘንድ ጨዋታን መተቸት ማለት መቆጣት ነው።

ጆተኒን አስታውሱ። ከመንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዘንጉን እያሽከረከርን ያደግንበት። ቀጥሎ ፑል ቤት መጣ፣ ቀጥሎ ፕሌይስቴሽን ቤት። ፊፋና ፔስ በጨዋታ ሒሳብ እየተከፈለ፣ "ተሸናፊ ይነሳል" በሚል ሕግ፣ አንድ ቴሌቪዥን ሃያ ልጅ ያስተናግድ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ ውስጥ የራሱ ኮከብ፣ የራሱ ተራቢ ነበረው። ስለነዚህ ቤቶች በጋዜጣም በስብሰባም የሚነገረው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ሱስ፣ ከትምህርት መቅረት፣ ስንፍና። በዘመቻ ሰሞን ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ዝርዝር ሲታሸጉ አይተናል። የወላጅ ስጋት ከንቱ ነው አንልም፤ ትምህርቱን ጥሎ እዚያ የዋለም፣ በብር አሲዞ የተበላም እናውቃለን። ግን ከነዚያ ቤቶች የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደነበር፣ የትኛው ሕግ ጠብ እንደሚያበርድ፣ ለምን ሴት ልጅ እንደማትገባ፣ ማን ጻፈ? (ሴት ልጅ የማትገባውን ነገር እኛው ራሳችን በር ላይ ቆመን አይተነዋል።) ሁሉንም አንድ ላይ ኮነንነውና አለፍን።

የቀደሙት ጨዋታዎቻችንም ዕድላቸው ከዚህ ብዙ አይሻልም። አንዳንዱ ሰው ደግ ሠርቷል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር አሳትመዋል። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑም ገናን፣ ገበጣን፣ ትግልን፣ ፈረስ ጉግስን ደንብ አውጥቶላቸው ያወዳድራል። ገና በፌዴሬሽን ደንብ የተጫዋች ቁጥርና የተሰመረ ሜዳ አለው። የገጠሩ ገና ግን ቁጥርም መስመርም የለውም፤ መንደር ለመንደር፣ የመጣ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይገባል። ደንብ ማውጣት ጥሩ ነው። የቀድሞው ጨዋታ ምኑ ያምር እንደነበር ግን ደንቡ አይነግረንም፤ ያንን የሚነግረን ሰው ነው።

ሻማው ዳር

ወደ ኩታበር እንመለስ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ቦውሊንጉ ጦፎ፣ አንዲት የጎረቤት እናት መሪነቱን እንደያዙ፣ መብራት ጠፋ። ልጆቹ "እህህ!" አሉ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ሁለቱ ሻማዎች ግን ግራና ቀኝ ሆነው እንደበሩ ናቸው። አንደኛዋን አንስተን መሃል ላይ አደረግናት። ቡናው ቀጠለ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ከመካከላችን አንዷ "አባባ፣ ታዲያ እርስዎ ጨዋታ የሚሉት ምኑን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሲጠበቅ የነበረ ጥያቄ ነው መሰለን፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ጀመሩ።

"ዱላው ነው መጀመሪያ። ገና ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው። ወይራ ይሻላል። ጫፉን በእሳት እያሞቅህ ታጎብጠዋለህ፣ ከቸኮልህ ይሰነጠቃል። ሩሯን ደግሞ ከእንጨት ጉጥ ነው፤ በጣም ከባድ ከሆነች እግር ትሰብራለች፣ በጣም ቀላል ከሆነች አትሮጥም።"

ከዚያ ስለ ሜዳው አወሩ፤ ሣሩ ያልደረቀ ሜዳ ሩሯን እንደሚይዛት፣ ተዳፋት የሆነ እንደሆነ በየዙሩ ቦታ መቀያየር እንደሚያስፈልግ። ስለ ጥሩ ተጫዋችና ስለ ጉልበተኛ ተጫዋች ልዩነት አወሩ። ጉልበተኛው ሩሯን አርቆ ይመታና ሁሉም ይሮጣል፣ ያደክማል፤ ጥሩው ግን ከዱላው ሥር አያርቃትም፣ ተመልካች ቆሞ ያያል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ ስለማይባባሉ፣ ባለጸጋው እግሩን ቢመታ እንኳ እንደማይቆጣ፣ ያሸነፈው ወገን ማታ ተሸናፊውን በግጥም ሲሞልጨው ተሸናፊው ችሎ እንደሚሰማ። "ስድብ የማይችል ገና አይጫወት" አሉ። "መጥፎ ገና አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጥፎ ገና ማለት ሁሉም መምታት ብቻ የሚፈልግበት ነው። ሲያልቅ የሚወራ ነገር የለውም።"

አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። እኛ ዝም ብለን አዳመጥን። ቀን "ይሄም ጨዋታ ሆነና!" ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሸኙን ሰው፣ ማታ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ጥበቡና ስለ ጉድለቱ እየለዩ ሲያስረዱን፣ የተማርነው የሂስ ትምህርት ፊታችን ላይ ቁጭ ብሎ ጋቢ ለብሶ ነበር። "ሲያልቅ የሚወራ ነገር የለውም" የሚለው ሚዛናቸው ዊ ስፖርትስ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለ መለኪያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥፋታችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አልቀዳናቸውም። ስልኮቻችን ቀኑን ሙሉ ፎቶና ቪዲዮ ሲያነሱ ውለው ባትሪ ጨርሰዋል፤ መብራትም የለ። ወረቀት ማንሳት ደግሞ ጨዋታ ማበላሸት መሰለን። "ነገ እንጠይቃቸዋለን" ተባባልን። በነጋታው ልጆቹ መብራት መጥቷል ብለው ተንጋጉ፣ ዊው ተከፈተ፣ ቀኑ በዚያው አለፈ። በስልካችን የቀረው የቦውሊንግ ቪዲዮ ነው፤ ሃያ ያህል አለን። ስለ ሩር ክብደት የተናገሩትን ከላይ የጻፍነው ከጭንቅላታችን ነው። ስለ መንደሮቹ ስም፣ ስለ አሸናፊዎቹ፣ ስለ ግጥሞቹ አወጣጥ የነገሩን ግን አብዛኛው ከኛ ጠፍቷል።

የሜታክሪቲክን 76 በቃላችን እናውቃለን። የሊቨርፑሎቹን 51 በመቶ እናውቃለን። የዛሬ ስድሳ ዓመት ኩታበር ላይ ጥሩ ገና የሚባለው የቱ እንደነበር ግን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል፤ እኛም አጠገባቸው ቁጭ ብለን አሳልፈነዋል።

ከዚያ ገና ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ልብ አልሆነልንም፤ አልተመለስንም። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በስልክ ልናገኛቸው ሞከርን። ጆሯቸው ደክሟል። መካከል ላይ ያለች የልጅ ልጃቸው የኛን ጥያቄ ጮክ ብላ ትደግምላቸዋለች፣ የሳቸውን መልስ ትነግረናለች። ስለ ዱላው ጠየቅናቸው፣ "ወይራ" አሉ። ስለ ግጥሙ ስንጠይቃቸው ዝም ካሉ በኋላ ድምፃቸው ራሱ ከሩቅ ተሰማን፦

"በስልክ ጨዋታ የለም ልጄ። መንገዱ ሲከፈት ኑ። ያንን አየር የሚመታ ነገራችሁንም ይዛችሁት ኑ፣ ልጆቹ እየጠየቁ ነው።"

እሺ ብለናቸዋል። እናንተም፣ አያት ያላችሁ፣ እስከዚያው ከአጠገባችሁ ያሉትን ጠይቁ። የገና ይሁን የገበጣ፣ የጉግስ ይሁን የጆተኒ፣ "ጥሩው የቱ ነበር? መጥፎውስ?" በሏቸው። ስልካችሁ ባትሪ እንዳለው ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ቸር እንሰንብት!